ያስታረቅኳት ልጅ

ነገሩ ያስወጣኝን መጀመሪያ ልናገር። ነጋዴ ነኝ፤ ሰው ዕቃውን አድንቆ አድንቆ ዋጋውን መጨረሻ ላይ ሲጠራ አልወድም። ሁለት የሃያ ዓመት ወዳጆች፣ በገበያው ውስጥ የነበረኝን የሽማግሌነት ቦታ፣ የሩጫ ቡድኑ ማሊያ ላይ የነበረውን የሱቄን ስም ከፍያለሁ። አንድ ጥርስም አለ፤ እሱ ግን ድሮም ይነቃነቅ ነበር። የእኔ ወጪ ይሄ ነው። የልጅቷን እኔ ልናገር አልችልም። አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅኳትም። መጠየቅ የነበረብኝ ቀን ሌላ ነገር ጠየቅኳት።

አሰላ ውስጥ ሰልባጅ ጫማ እሸጣለሁ። እስከ አራተኛ ክፍል ተምሬ የቀረውን መናኸሪያ ውስጥ ጫማ እየጠረግኩ ጨረስኩት። መናኸሪያ ጥሩ ትምህርት ቤት ነው፤ ማን እንደሚከፍልና ማን እንደሚሮጥ ከአረማመዱ ታውቃለህ። ከጠረጋው ወደ ሽያጩ ተሻገርኩ፣ ከሰው እግር ግን አልራቅኩም።

በእኛ ከተማ ሳይነጋ ከቤት የወጣ ሰው ወይ ወደ ሶላት፣ ወይ ወደ ቅዳሴ፣ ወይ ወደ ሩጫ ነው። ሦስተኞቹ ብዙዎቹ ልጆች ናቸው። ከሳጉሬ፣ ከዲክሲስ፣ ከየገጠሩ መጥተው ለአራት ለአምስት አንድ ክፍል ይከራያሉ፣ ትምህርት ቤት ይመዘገባሉ፣ ጠዋትና ማታ ይሮጣሉ። ጫማ የሚገዙት ከእኔ ነው። ቦንዳ፣ ሰልባጁ ታስሮ የሚመጣበት እሽግ፣ ሲፈታ ጓደኛ የሌለው ጫማ ይወጣል፤ ቀኙ አለ፣ ግራው የለም። ሌላው ነጋዴ ይጥለዋል። እኔ ጥግ ላይ አከማቸው ነበርና ልጆቹ ቀኙን ከአንዱ፣ ግራውን ከሌላው እያገጣጠሙ በነፃ ይወስዱ ነበር። ቡድኑ የተወለደው እዚያ ጥግ ላይ ነው ብል ብዙ አልዋሸሁም።

አሰልጣኙ ኋላ መጣ። ድሮ ሯጭ የነበረ፣ ጉልበቱ ከድቶት ወደ አገሩ የተመለሰ፣ አርባ ገደማ የሆነው፣ ሳቂታ ሰው ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ ሦስት ልጆች አዲስ አበባ ክለብ አስገባ። ከዚያ ወዲያ የወላጅ ሁሉ ዓይን እሱ ላይ ሆነ። ሁልጊዜ አሥር ሰዓት ላይ ሱቄ መጥቶ ሻይ ይጠጣል። ወደድኩት። ዛሬ ይህን ባልጽፈው ይቀለኝ ነበር፣ ግን ወድጄው ነበር።

ቀበሌው ሜዳውን የምንፈቅደው ኮሚቴ ካላችሁ ነው አለ። ኮሚቴ ሆንን። አንድ ሥጋ ሻጭ፣ አንድ የገብስ ነጋዴ፣ እኔ። ሊቀመንበር የሆንኩት ማህተሙ የሚቀመጥበት ቁልፍ ያለው መሳቢያ የነበረው የእኔ ሱቅ ብቻ ስለሆነ ነው። ልጆችን ስለመጠበቅ የጠየቀን ሰው አልነበረም፤ ብንጠየቅም ከመኪና መጠበቅ ይመስለን ነበር።

ልጅቷን ይዛ የመጣችው እናቷ ናት። ከሳጉሬ ወዲያ ካለ ገጠር። አሰልጣኙ ሜዳ ላይ ነበር፤ እናትየው ግን ወደ እሱ አልሄደችም። ሰው ጠይቃ ሱቄን አገኘችና ልጅቷን ከፊቷ አቆመቻት።

"እሮጣለሁ ብላ እንቢ አለችኝ። እዚህ የማውቀው ዘመድ የለኝም። እርስዎ ልጅ ያለዎት ሰው ነዎት ብለውኛል። አደራ" አለች በኦሮምኛ፤ በአንቱታ።

"አደራሽን ተቀብያለሁ" አልኳት። በቀን አሥር ጊዜ የምለው ቃል ነው። ዕቃ የሚያስቀምጥብኝ መንገደኛ ሁሉ ይባለዋል።

ልጅቷ አሥራ አምስት ዓመቷ ነበር። ቀጭን፣ ምላሷ ከእግሯ የሚቀድም። መጀመሪያ ቀን ጫማ አንስታ አገላበጠችና "ጋሼ፣ የዚህ ጫማ ባለቤት ሞቶ ነው ወይስ ሸሽቶ?" አለችኝ።

"ሸሽቶ ነው።"

"እንግዲያው ፈጣን ነው፣ ስጡኝ።"

በሳምንቱ ተመልሳ መጣች። "ጋሼ፣ ሰውየው የሸሸው አልመሰለኝም። ይዘውታል" ብላ የተቀደደውን ጫፍ አሳየችኝ። ሌላ ሰጠኋት። ስትሮጥ ደግሞ አፏን ትዘጋለች። በስድስት ወር ውስጥ ሴቶቹን ሁሉ ቀደመች፣ ከወንዶቹም ግማሹን። አሰልጣኙ ሻዩን እየጠጣ "ይህቺ ቀጣይዋ ናት፣ ጋሼ። ይህቺ ከተማውን ታስጠራለች" ይለኝ ነበር። እኔም ማሊያው ላይ የሱቄ ስም በቴሌቪዥን ሲታይ ይታየኝ ነበር። ይህን የምናገረው ሐቁ ስለሆነ ነው።

አንድ የክረምት ከሰዓት ሱቅ መጣች። ዝናብ ነበር፣ ያ ከጭላሎ ተራራ የሚወርደው፣ አጥንት የሚገባው ዓይነት። ያልተፈታ ቦንዳ ላይ ተቀመጠች። ቀልድ አላመጣችም።

"ጋሼ፣ ማሳጅ መተው ይቻላል?"

ከልምምድ በኋላ ያመማቸውን ልጆች አሰልጣኙ ከሜዳው ጀርባ ባለችው የዕቃ ክፍል ውስጥ ያሻቸዋል። ሁላችንም እናውቃለን።

"እግርሽን አሞሽ የለ እንዴ?"

"አሞኛል።"

"ታዲያ?"

"በሩን ይዘጋል።"

"ብርድ ነዋ! በአሰላ ብርድ በር የማይዘጋ ማነው? ይኸው እኔ ራሴ ግማሹን ዘግቼ አይደል የምሸጠው?"

"ከውስጥ ይቆልፈዋል።"

"ዕቃ አለበት። ሌባ ይፈራል።"

"ለወንዶቹ አይዘጋም" አለች።

ይህን ስትል አንድ ሰውዬ ገብቶ አርባ ሁለት ቁጥር አለ ወይ አለ። አለ። አወረድኩለት፣ ለካ፣ ጠበበኝ አለ፣ አርባ ሦስት አወረድኩ፣ ተከራከርን፣ ሸጥኩ። ስዞር ልጅቷ እዚያው ቦንዳው ላይ ነበረች፣ እጇን ጭኗ ሥር አድርጋ። ስልኬን አየሁ። ባትሪው አሥራ ሁለት ከመቶ ይላል። ለምን ይህ ትዝ እንደሚለኝ አላውቅም።

"እነግረዋለሁ" አልኳት።

"ለማን?"

"ለእሱ ነዋ። ለማን ልንገርልሽ?"

ተነሥታ ሄደች። ዝናቡ አላባራም ነበር።

ነገርኩት። ሻይ እየጠጣ። ሳቀ፤ ከዚያ አልሳቀም። "ጋሼ፣ እንግዲህ ስሜን ልታጠፋው ነው። ዘጠና ቀን አሻኋት፣ ዳነች፣ አሁን ይህ ነው ክፍያዬ? ሌላ ከተማ ና ሲሉኝ እዚህ የቀረሁት ለማን ብዬ ነው?" አለ። ሰው ዕቃውን ሲያነሳና ልሂድ ሲል ምን ማድረግ እንዳለብኝ አውቃለሁ፤ ክንዱን ይዤ አስቀመጥኩት። በዚያው ሳምንት ለዞን ውድድር የሚሄዱት ሲመረጡ የልጅቷ ስም አልነበረም። እሷም ለሴቶቹ ልጆች የሆነ ነገር ተናግራ ኖሮ ወሬው መንደር ገባ። ግማሾቹ ወላጆች "ልጅቷ ቅናት ይዟት ነው" አሉ። አሰልጣኙ ሁለት ቀን ልምምድ ቀረ።

ያኔ የማውቀውን አደረግሁ። በገበያው ውስጥ ሁለት ሰው ሲጣላ የሚጠራው እኔን ነበር። ሚዛን አጭበረበርክ፣ ደንበኛ ነጠቅከኝ፣ ግድግዳዬን ገፋህ፤ ከግማሽ ሰዓት በላይ የፈጀብኝ ጠብ የለም። ይህንንም እንደዚያው አየሁት። ሁለት ሰዎች ተጣልተዋል፣ ቡድኑ ሊበተን ነው፣ ይታረቁ።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ሱቄ ውስጥ ተቀመጥን። ሥጋ ሻጩ፣ የገብስ ነጋዴው፣ እኔ፣ አሰልጣኙ፣ ልጅቷ። ብርድ ስለነበረ በሩን ዘጋነው። ለእያንዳንዱ ሰው ሚሪንዳ ከፈትኩ።

አሰልጣኙ መጀመሪያ ተናገረ። ስለ ጉልበቱ፣ ስለ ድካሙ፣ ክለብ ስላስገባቸው ልጆች። ረጅም ነበር፣ ደህና አድርጎ ተናገረ፣ የገብስ ነጋዴው ዓይን እንባ አቀረረ። ከዚያ ወደ እሷ ዞርን።

"አንቺስ ልጄ?" አላት ሥጋ ሻጩ። "ምን አስቀየመሽ? አትፍሪ፣ አባቶችሽ ነን።"

"በሩን ይዘጋል" አለች።

"ይሄ ነው?"

እጇን ጭኗ ሥር አደረገች።

"እሺ" አለ ሥጋ ሻጩ፣ ጭኑን መታ አድርጎ። "አሰልጣኝ፣ ከዛሬ ጀምሮ በሩ ገርበብ ይላል። ብርዱም አይገባ፣ ልጅቷም አትከፋ። ሌላስ?"

ሳቅን። ልክ ዋጋ እንደምንቆርጠው ነበር። አንዱ መቶ ይላል፣ ሌላው ሃምሳ፣ መሀል ላይ ትገናኛለህ፣ ሁለቱም ትንሽ ከፍቷቸው ይሄዳሉና ያ ማለት ዋጋው ትክክል ነው። አንዷ ይከፈት አለች፣ አንዱ ይዘጋ አለ፣ እኛ ገርበብ አልን። በሕይወቴ ካደረግኳቸው ሽምግልናዎች ፈጣኑ እሱ ነው። የገበያ ሰው መሀሉን ፈልጎ ማግኘት ይችላል። መሀል የሌለው ነገር አለ ብሎ ያስተማረን ሰው ግን አልነበረም።

"ለአላህ ብለሽ ይቅር በይው" አልኳት። "ታላቅሽ ነው፣ መምህርሽም ነው። ተነሺና ጉልበቱን ሳሚ።"

ልማዱ ነው። ታናሽ የታላቁን ጉልበት ይስማል፣ ታላቅ ከመንገድ ላይ ይይዘዋል፣ ከንፈሩ ጉልበት ላይ አይደርስም። እሷ ተነሣች። አሰልጣኙ ከመንገድ ላይ አልያዛትም። አየሁት። ከንፈሯ ጉልበቱን ሲነካ አየሁ፤ አንድ ሰው ሲቸኩል ይረሳል ብዬ አለፍኩት። ዱዓ አደረግን። የእሷ ሚሪንዳ እንደተከፈተ ቀረ።

ከዚያ በኋላ ስምንት ቀን ልምምድ መጣች። ከኋላ ትሮጥ ነበር፣ ከሁሉ ኋላ፤ ሰውነቷ እንዴት መዘግየት እንደሚቻል እንደተማረ ሁሉ። በሱቄ በኩል ስታልፍ በሌላኛው የመንገድ ዳር ታልፋለች። በዘጠነኛው ቀን አብረዋት የሚኖሩት ልጆች ልብሷን ጠቅልላ የሳጉሬ ሚኒባስ ተሳፈረች አሉኝ።

"ሞራል የላትም። የገጠር ልጅ እናቷ ትናፍቃታለች" አለ አሰልጣኙ።

"ነው" አልኩ። አዲስ ቦንዳ መጥቶልኝ ነበር። ፈታሁ። ከዚያ በኋላ ያሉት ሁለት ሳምንታት ትዝ አይሉኝም። መጥፎ ስለነበሩ አይደለም፤ ምንም ስላልነበሩ ነው። ጫማ ሸጥኩ፣ በላሁ፣ ተኛሁ። እንቅልፍ አልነሣኝም። እንቅልፍ ነሣኝ ብዬ ብጽፍ ያምርልኝ ነበር።

ከዚያ ሴቶቹ መጡ።

ጠዋት ሱቅ ከፍቼ ጫማ እየሰቀልኩ ነበር። መንገዱ ድንገት ጸጥ ሲል ዞር አልኩ። ሰባት ሴቶች ሱቄ ፊት ቆመዋል። በአንድ እጃቸው ቀጭን ረጅም በትር፣ በሌላው እርጥብ ሣር። ሲንቄ ነው። እናት ልጇን ስትድር የምትሰጣት በትር ነው፤ ለመምቻ አይሆንም። በአርሲ ሴት ስትበደል የሰፈሯ ሴቶች ይህን ይዘው ይወጣሉ፣ የተሠለፉበትንም ወንድ አይሻገርም። እኔ ከልጅነቴ ወዲህ ከተማ ውስጥ አላየሁትም ነበር። የሳጉሬው ሚኒባስ ወያላ ሂሳብ ሳይቀበል እንዳወረዳቸው ኋላ ሰማሁ። ከወያላ ሂሳብ ያስቀረ ነገር ቀላል እንዳልሆነ ያኔ ባውቅ ኖሮ ሳልጠየቅ እሄድ ነበር።

ባጃጆች ቆሙ። ሁለት ጎረምሶች ስልክ አውጥተው ሊቀርጹ ሲሉ አንድ ሽማግሌ በከዘራቸው ስልኩን ወደ ታች ጫን አደረጉት። ማዶ ያለው ሥጋ ሻጩ ወዳጄ የሱቁን በር ሲያወርድ ሰማሁት። በዚያ ሰዓት ሥጋ የማይሸጥበት ምክንያት አልነበረም።

እናትየው አንድ እርምጃ ወደ ፊት መጣች። በአንቱታ ታናግረኝ የነበረችው ሴት አሁን አንተ አለችኝ።

"ልጄን ለማን ሰጠሁ?"

"ለእኔ።"

"ምን ብዬ?"

"አደራ ብለሽ።"

"ለዚያ ሰውዬ ሰጥቻለሁ?"

"አልሰጠሽም።"

"ጉልበቱን ያሳማት ማነው?"

 "እኔ" አልኩ።

ልማዱን አውቃለሁ፤ የበደለ ሰው ከብት ይሰጣል፣ ይቅር በሉኝ ይላል፣ ሴቶቹ ይመርቁታል፣ ይመለሳሉ። ስለዚህ "ጊደር እሰጣለሁ። ዛሬውኑ" አልኩ።

ከመካከላቸው አንዲት ጥርስ የሌላቸው አሮጊት ሳቁ። "ነጋዴ ነው። ዋጋ ጠራ" አሉ። ሌሎቹም ሳቁ፣ የመረረ ሳቅ። አንዷ "ሁለት በለው፣ ይጨምራል" አለች።

እናትየው አልሳቀችም። "ጊደርህን ጠብቅ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ልጄ ቤት ውስጥ በሩን ክፍት አድርጋ ነው የምትተኛው፣ በዚህ ብርድ። ምን ሆንሽ ብላት አትነግረኝም። ለአንተ ግን ነግራህ እንደነበር አብረዋት የሚኖሩት ልጆች ነገሩኝ። ቢሮ ሂድ። የሰማኸውንና ያደረግከውን በገዛ አፍህ ተናገር። እስክትናገር እዚህ እንውላለን።"

"ነገ ጠዋት..."

"ዛሬ።"

ሱቄን አልዘጋሁትም። ወጥቼ ሄድኩ፣ እነሱ ከኋላዬ። ከገበያው እስከ ሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ቢሮ ድረስ ብዙ አይርቅም። የሚያውቀኝ ሰው ሁሉ ያን ቀን በዚያ መንገድ ላይ ጉዳይ ነበረው። ማንም ሰላም አላለኝም። የተሰማኝን ለመጻፍ ሞክሬ ነበር፤ የማስታውሰው ግራ ጫማዬ እንደጠበበኝ ብቻ ነው።

ቢሮው ውስጥ ያለችው ወጣት ሴት ከጎጃም የተመደበች ናት። ካፖርቷን በሌላ ካፖርት ላይ ደርባ ለብሳለች፤ የአሰላን ብርድ ገና አልለመደችውም። ወንበር ሰጠችኝ።

"እርስዎ ማን ነዎት?"

"አስታራቂው ነኝ።"

"ማንን ከማን?"

ነገርኳት። አልቆጣችም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር፤ ከቁጣ ጋር መከራከር ለምዶብኛል። ዝም ብላ ጻፈች።

"ልጅቷ ዕድሜዋ ስንት ነው?"

"አሥራ አምስት።"

"የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ከአሰልጣኟ ጋር ምን ተጣላች ብላችሁ አስታረቃችኋት?"

ወደ ጫማዋ አየሁ። ሠላሳ ስምንት ቁጥር ነው።

"ከእሷ ወገን ማን ተቀምጦ ነበር?"

"ማንም።"

"እናት? ሴት? ማንም?"

"ማንም።"

"ሦስት ሽማግሌዎችና እሱ። አራት ወንዶች።"

"አራት።"

"በሩስ?"

"ገርበብ ይበል ብለናል፤ ተነጋግረን..."

"የዕቃ ክፍሉን አይደለም። የሱቅዎን።"

እስክሪብቶዋን ይዛ ጠበቀች።

"ዘግተነው ነበር" አልኩ። "ብርድ ነበር።"

ጻፈችው። ወረቀቱን አገላበጠችና ይፈርሙ አለችኝ፤ ፈረምኩ። ከዚያ ካፖርቷን እየሰበሰበች ለሌላ ጊዜ የሚሆነኝን ነገረችኝ። "ልጅ ሲነግርዎ አይመርምሩ። አያስታርቁ። ለተከሰሰው ሰው ሄደው አይንገሩት። አምነው ሰምተው ወደዚህ ማምጣት ብቻ ነው።"

"ይሄው ነው? ይሄን ያህል ቀላል ነው?"

"ለነጋዴ ይከብዳል" አለች። ፈገግ አላለችም።

ስወጣ ሴቶቹ ከበሩ ውጭ ሣራቸውን መሬት ላይ ጥለው ወደ መናኸሪያ እየሄዱ ነበር። አልመረቁኝም።

አሰልጣኙ በዚያው ሳምንት ታገደ፣ ጉዳዩ ፖሊስ ጋ ሄደ፣ አሁን ፍርድ ቤት ነው፤ ቀጠሮ እየተሰጠ ይመጣል። ከእሷ በኋላ ሌሎች ሁለት ልጆች ተናገሩ። ምን እንደተናገሩ አላውቅም፣ ማን እንደሆኑም አልጠይቅም፤ የቢሮዋ ሴትዮ ይህ የገበያ ወሬ አይደለም ብላኛለች። ልጁ በቀጣዩ ወር ክለብ ሊገባ የነበረ አንድ አባት ደግሞ ሱቄ ድረስ መጥቶ ጥርሴን አወለቀው። "የልጄን እንጀራ ዘጋህ!" አለ። አልከሰስኩትም። እኔም ከሦስት ወር በፊት እንደ እሱ አስብ ነበር።

ሥጋ ሻጩ ወር ሙሉ ዘግቶኝ ከቆየ በኋላ አንድ ቀን መንገድ አቋርጦ መጣ።

"የሽማግሌ ገመና ቢሮ ወስደህ ዘረገፍከው።"

"አብረን አይደል የቆረጥነው?"

"እኔ ገርበብ ይበል ነው ያልኩት!"

"እሱኑ ነው የተናገርኩት።"

"ስሜን ጠራህ?"

"ጠየቁኝ።"

አየኝ አየኝና ተመልሶ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ሥጋ የምገዛው ከሌላ ነው፤ የባሰ ሥጋ ነው። የገብስ ነጋዴው አልተቆጣኝም፤ ሰላም ይለኛል፣ ግን ጠብ ሲኖር ሌላ ሰው ያስጠራል። የገበያው ሰው ትክክል ነው። አደራ በልቶ የተናገረ ሰው ሁለት ጊዜ አይታመንም፤ አንዴ ስለበላ፣ አንዴ ስለተናገረ።

ቡድኑን ብንተወው ይቀለን ነበር። የቢሮዋ ሴት ግን ልጆቹ መሮጣቸውን አይተዉም፣ ያለ ማንም ከሚሮጡ በሥርዓት ይሩጡ አለች። ሜዳ ድረስ መጥታ ልጆቹን ሣር ላይ አስቀመጠቻቸውና ማንም ልጅ ከአንድ ትልቅ ሰው ጋር ብቻውን ክፍል እንደማይገባ፣ እምቢ ማለት ከቡድን እንደማያስወጣ ነገረቻቸው። ቅሬታ ያለው ልጅ ለአሰልጣኝም ለኮሚቴም ሳይሆን በቀጥታ ለእሷ ወይም ጤና ጣቢያ ላለችው ነርስ ይነግራል። አንድ የዲክሲስ ልጅ እጁን አወጣና "ለጋሼስ መንገር ይቻላል?" አለ፣ ወደ እኔ እያየ።

"ጋሼ ያስታርቃል" አለች አንዲት ልጅ ከኋላ። ልጆቹ ሳቁ። የቢሮዋ ሴት አልሳቀችም፣ እኔም። ልጅቷ ግን ትክክል ነበረች።

ማሳጁ አሁን ሜዳው ላይ ነው፣ ሰው ሁሉ በሚያይበት። የሴቶቹ እናቶች በየተራ እየመጡ አግዳሚው ላይ ይቀመጣሉ፤ አንዷ ምስር ትለቅማለች፣ አንዷ ስልኳን ታያለች፣ ግን አሉ። የዕቃ ክፍሉን በር ከማጠፊያው ያወለቅኩት እኔ ነኝ፣ ከአንድ አናጢ ጋር። አናጢው "አሮጌ ነው፣ ልቀይርልህ?" አለኝ። "አትቀይር" አልኩት። ኳሶቹ ዝናብ ይመታቸዋል፣ ኮኖቹም ጭቃ ይሆናሉ። አዲስ አሰልጣኝ አገኘን፣ ሴት ናት። ማሊያው ላይ የማንም ስም የለም፤ ስሜን ያስነሡት ወላጆቹ ናቸው፣ አልተከራከርኩም።

መስከረም ከጠባ በኋላ በገበያ ቀን ሳጉሬ ወረድኩ። ጫማ ልሸጥ ነው ብዬ ሁለት ጆንያ ይዤ ነበር፤ አልፈታሁትም። ልጅቷን ከእናቷ ጋር ድንች ስትሸጥ አገኘኋት። አድጋለች፣ ወይም ዝም ያለች ልጅ ያደገች ትመስላለች።

"ጋሼ፣ ደህና ነዎት?"

"ደህና ነኝ። እግርሽ ዳነ?"

"ድኗል።"

"በሩ ተነሥቷል።"

"ሰማሁ።"

"አዲሷ አሰልጣኝ ሴት ናት።"

"እሱንም ሰማሁ።"

"ትምህርትስ?"

"እዚህ ጀምሬያለሁ።"

"ትመለሻለሽ?"

ለአንዲት ሴትዮ ድንች መዘነችላት፣ አንድ ጨመረችላት፣ ፌስታሉን ቋጠረች። "አልመለስም" አለች። ቁጣ አልነበረበትም። ዋጋ ተጠይቃ እንደምትመልስ ነው የመለሰችው፣ የመጨረሻ ዋጋ፣ የማይወርድ።

ይቅር በይኝ ልላት ነበር የሄድኩት። ለዚያ ቃል ሁለት ሳምንት ተዘጋጅቻለሁ። አፌ ላይ ደርሶ ሳለ ግን ምን እያደረግሁ እንደሆነ ገባኝ። እኔ ሽማግሌ፣ ነጭ ጢም ያለኝ፣ ገበያ መሀል ቆሜ ይቅር በይኝ ስላት እሷ ምን ልትል ነው? ልማዱ መልሷን ቀድሞ ሰጥቷታል። አሁንም እርቅ ላስፈርማት ነው፣ አሁንም ሳትፈልግ። ዋጥኩት። እናትየው ከጎን ሆና ታየኝ ነበር። ውሃ በጣሳ ቀድታ ሰጠችኝ። ጠጣሁ። ጆንያዎቹን እንዳሉ ጭኜ የመጀመሪያውን ሚኒባስ ተሳፈርኩ።

ልምምዱ አሁንም ይቀጥላል። ጠዋት ጠዋት ወደ ሜዳው እሄዳለሁ፣ ከአግዳሚው ራቅ ብዬ እቆማለሁ፣ ስንት ልጆች እንደመጡና ስንት እንደሄዱ እቆጥራለሁ። ኮሚቴው የሰጠኝ ሥራ አሁን እሱ ብቻ ነው።

ሃያ ስድስት ነበሩ። አሥራ አራቱ ሄዱ። አምስት አዲስ መጡ። አሥራ ሰባት ይሮጣሉ። እሷ አትሮጥም።